አንድ ሰው ብቻ ስሙን ሲጠራው

ባለፈው ቅዳሜ ባሮ ዳር፣ ማንጎው ጥላ ሥር ዓሳ ጠብሰን ስንበላ፣ አንድ ወጣት መምህር ሞባይሉን ከፍቶ ስለ ታምራት አነበበልን። የሒሳብ ጥናቱን በየአገሩ ያሉ ምሁራን በጽሑፋቸው ይጠቅሱታል አለ። ሽማግሌው ሁሉ «የኛ ልጅ! የጋምቤላ ልጅ!» እያለ ጮኸ። እኔ ዓሳዬን በላሁ። ያኔ ማን ማን እንደሳቀበት አልረሳሁም።

እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ፊደል ቆጥሬ ስሜን ከመጻፍ ብዙም አላለፍኩ። ታምራት አብሮ አደጌ ነው። እናቶቻችን አዞ በላቸው እያሉ ሲጮኹ፣ በተነፋ የመኪና ከመነዳሪ ላይ ተንሳፈን ባሮን እየተሻገርን ነው ያደግነው። እሱ አዲስ አበባ ሄዶ ተማረ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። የሚያጠናው ቶፖሎጂ ይባላል። አንድ ነገር ቢለጠጥም ቢጠማዘዝም የማይለወጠው ምኑ ነው፣ ቀዳዳውስ ስንት ነው፣ ይኸው ነው ሥራው። እኔ እስከ ዛሬም አልገባኝም።

ታዲያ የክሊኒኩን ድሬሰር የጋሽ በላቸውን ልጅ፣ ጽጌን ወደደ። እሷም ወደደችው። ችግሩ፣ አንድ ነጋዴም ሽማግሌ ልኮ ኖሮ አባትየው ለእሁድ መልስ ቀጥረውታል። የኛን ሽማግሌዎች ብንለምን፣ «ልጁ ምን ይሠራል ሲሉን ቀዳዳ ይቆጥራል ልንል ነው?» ብለው ሳቁና ቀሩ። ጎረቤታችን አቶ ደስታ ብቻ እሺ አሉ፤ እሳቸውም «ስለ ሥራው አንተው ተናገር» አሉኝ። ሽማግሌ ሆኜ ስሄድ ጢሜ ላይ አንድ ሽበት እንኳ አልነበረም።

ወሩ መጋቢት ነው፤ ባሮ ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል፣ የመንገዱ አቧራ በጫማ ውስጥ ያቃጥላል። ከእሁዱ ቀጠሮ ቀድመን ጋሽ በላቸው ቤት ደረስን። ተቀመጡ አሉን፤ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም አልን። ወጉ ነው።

«ሥራው ምንድነው?» አሉ ጋሽ በላቸው።

ነገርኳቸው።

«ቀዳዳ ለመቁጠር አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደው? የኔ ጣራ ላይ ቢወጣ አይበቃውም ነበር?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ውጭ አገር ያለ አንድ ምሁር በጽሑፉ የታምራትን ስም ጠርቷል» አልኩ።

«ዘመዱ ነው?»

«አይደለም።»

«አብልቶታል?»

«ተያይተውም አያውቁ።»

«ታዲያ ስሙን ምን አስጠራው?»

«የታምራትን ሥራ ሳይዝ ወደፊት መሄድ ስላልቻለ ነዋ! ጎረቤትስ ስምዎን የሚያነሣው ውለታ ስላለበት ነው። ይሄ ግን ምንም ሳይኖርበት ነው ያነሣው።»

«አንድ ሰው ብቻ?» አሉ፣ ከንፈራቸውን ጣል አድርገው።

«እርስዎስ ልጅዎን ለስንት ሰው ነው የሚድሩት?»

አቶ ደስታ ክንዴን ቆነጠጡኝ። ባለጌ ተብዬ የምባረር መሰለኝ። ከመጋረጃው ጀርባ የጽጌ እናት ሳቅ ፈነዳ፤ ሳቋን ስላልቻለችው ወጥታ እየሳቀች ቆመች። ጋሽ በላቸው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ተቀመጥ፣ አንተ ጋጠወጥ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ጽጌም የታምራት ሆነች።

መምህሩ ይህን ስነግረው፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ዛሬ ደስ አይልዎትም?» አለኝ። ደስ ይለኛል እንጂ። ነገር ግን እነዚህ አሁን የሚጮኹት እንዲያመሰግኑኝም፣ እንዲያመሰግኑትም አልፈልግም። ብዙ ሰው ከጠራው በኋላማ ማንም ይከራከርለታል። እኔ የቆምኩለት የጠራው አንድ ሰው ብቻ በነበረ ጊዜ ነው፤ ያ አንድ ሰውም ባይኖር ኖሮ እቆምለት ነበር።