ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ሰንበት ሳይገባ

እናቴ እስራኤል አገር የምትኖር አንዲት ልጅ አለቻት። አልወለደቻትም፤ አጥብታታለች። ልጅቷ በአስር ቀን ስለምትበልጠኝ፣ እናቴ ስትናደድብኝ «ምናለ ታላቅህን ብትመስል» ትለኛለች። እኔም አጭር ሆኜ የቀረሁት ድርሻዬን ስለጠባችብኝ ነው እላለሁ። ቀልዱን ሁለታችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ አሁንም ግን እንስቃለን።

ነገሩ የሆነው ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ አጠገብ በነበረ የስደተኞች ካምፕ ነው። እናቴ የጎንደር ገጠር ሙስሊም ናት፤ ድንበሩን ስትሻገር እኔን አርግዛ ነበር። ከድንኳኗ ቀጥሎ አንድ አንጥረኛና ሚስቱ ነበሩ። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ግን ለማንም አይናገሩም። ሱዳንና እስራኤል ጠላቶች ስለነበሩ ከታወቀባቸው ጣጣ ነው። እናቴ ያገሯ ሰዎች ስለሆኑ ሳምንት ሳይሞላት አወቀች፤ ዝምም አለች። ሴትየዋ በወለደች በሦስተኛው ወር ታማ ሞተች። ሕፃኗን እናቴ ወሰደችና ከእኔ ጋር ታጠባት ጀመር። ጥቂት ወራት እንዳለፉ አንድ ጠዋት የጎረቤት ድንኳን ባዶ ሆኖ ተገኘ። አባትና ልጅ ወዴት ሄዱ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እናቴም አልጠየቀችም።

እኛ ለንደን ስንገባ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ አርችዌይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ እኔ ቶተንሃም እኖራለሁ፣ አውቶቡስ እነዳለሁ። ሰዎች ከኋላዬ ሲጣሉ በመስታወቱ አያለሁ እንጂ ከወንበሬ አልነሳም። ሥራው እንዲህ አደረገኝ እላለሁ፤ ባለቤቴ ግን ስታገባኝም እንዲህ እንደነበርኩ ትመሰክራለች።

ልጅቷን ያገኘናት በሰርግ ሰበብ ነው። ሙሽራው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የመጣ ልጅ ነበር፤ ድግሱ ዌምብሊ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እናቴ አጠገብ የተቀመጠችው እንግዳ ከእስራኤል የመጣች ሆነች። እናቴ ምግቡን ትታ፣ ሚስቱ ሱዳን የሞተችበት ሕፃን የያዘ አንጥረኛ ታውቂ እንደሆነ ስትጠይቃት አመሸች። ሦስት ወር ቆይቶ ስልክ ተደወለ። አባትየው ሞቷል፤ ልጅቷ ግን አድጋ፣ ወልዳ፣ ነርስ ሆናለች። የመጀመሪያ ቃሏ «እማ» ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ዓርብ በቪዲዮ ይነጋገራሉ። እናቴ ከጁምዓ ስትመለስ፣ እዚያ ደግሞ ሰንበት ሳይገባ። ልጅቷ ሰንበት ከገባ ስልክ አትነካም። የእነሱ ሰዓት በሁለት ስለሚቀድመን፣ ቀኑ በሚያጥርበት በብርዱ ወራት ለወሬ የሚተርፋቸው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እናቴ ከመስጊድ ወጥታ ከማንም ጋር ሳትቆም ወደ ቤት ስትሮጥ ያያት ሁሉ ድስት እሳት ላይ የጣደች ይመስለዋል።

በአካል ግን አልተገናኙም። ልጅቷ ነይ ባለቻት ቁጥር እናቴ ምክንያት አላት። የእስራኤል ማኅተም ፓስፖርቷ ላይ ካረፈ መካ ለዑምራ ከመሄድ የምትከለከል ይመስላታል፤ አሁን እንደ ድሮው ፓስፖርት ላይ አይመቱም ብላት አታምነኝም። «እነዚያ ይታረቁና እንገናኛለን» ትላለች፣ ስለ አረቦቹና ስለ እስራኤል ሳይሆን ስለተጣሉ ባልና ሚስት የምታወራ ይመስል። በኋላ አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ከእስራኤል ጋር ሲስማማ ልጅቷ ዱባይ እንገናኝ አለች። እናቴ በኮሮና አሳበበች። እውነትም ኮሮና ስለነበር ምንም አልጠረጠርኩም።

ከዚያ የሱዳን ዜና መጣ። ሱዳንና እስራኤል ግንኙነት ሊጀምሩ ተስማሙ ተባለ። ዓርብ አመሻሽ ላይ ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ ስልኬ ላይ አየሁትና ለእናቴ ደወልኩ። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። «እንግዲህ አላህ ያውቃል» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ እቤቷ ወንበር ላይ ቆሜ የጭስ ማንቂያውን ባትሪ ስቀይር ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ሰንበት እንደወጣ መደወሏ ነበር።

«እማ፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ ልጄ።»

«እንግዲህ በሽታው ይለፍ እንጂ ሱዳን እንሄዳለን። ከኛ ቄሶች አንድ ሽማግሌ አብሬሽ እሄዳለሁ ብለውኛል። እሳቸው ለእናቴ ይጸልዩላታል፣ እኔ ድንጋይ አቆምላታለሁ። አንቺ መቃብሯን ታሳዪናለሽ። የኛዎቹ የተቀበሩት በየት በኩል ነው?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «ሃሎ? ሃሎ? አይሰማኝም ልጄ፣ ላይኑ ተቆራረጠ» አለችና ዘጋችው። ላይኑ ምንም አልሆነም፤ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ ቃል በቃል ሰምቻለሁ።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ዋሽቻታለሁ።»

ያኔ በመጀመሪያው ስልክ ልጅቷ እናቷ እንዴት እንደተቀበረች ጠይቃት ነበር። እናቴ ሳታስብ «በወጋችሁ ነው ልጄ፤ ወገኖችሽ ናቸው የቀበሯት» አለቻት። ያን ቀን የሆነው ሌላ ነው። ባልየው የቀን ሥራ ፍለጋ ከተማ ሄዶ ነበር፤ የሚመለሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሙቀቱ ደግሞ አስከሬን አያሳድርም። ካምፑ ውስጥ የነበሩት ጥቂት ቤተ እስራኤሎች ተሰብስበው በራሳቸው ጸሎት ቢቀብሯት ማንነታቸው ይወጣል። የካምፑ ዘበኛ ደብተር ይዞ መጣና ሟቿ ሙስሊም ናት ወይስ ክርስቲያን ብሎ ጠየቀ። የመቃብር ቦታው ሁለት ብቻ ነበር። እናቴ «ሙስሊም ናት፣ እህቴ ናት» አለች፤ የራሷን አባት ስም አስጻፈች። እህት ነኝ ካለች ደግሞ ማጠቡ የእሷ ነው። አጠበቻት፣ በነጠላዋ ከፈነቻት፤ ኢማሙ ሰገደላትና ፊቷ ወደ መካ ተደርጎ ተቀበረች።

«እነሱ እኮ» አለችኝ፣ «አገር ቤት እያለን እንኳ የሌላ ሰው እጅ ሲነካቸው ታጥበው ነው ቤታቸው የሚገቡት። እኔ ራቁቷን አገላበጥኳት። አሁን ልጇ ቄስ ይዛ ልትመጣ ነው፣ እስላም መቃብር፣ በአባቴ ስም። አንተ ንገራት። ወንድሟ ነህ።»

እኔ በዚህ አልገባም አልኳት። እንዲያውም ምክር ሰጠሁ፦ ዝም በይ፣ መንግሥታት ተስማማን ስላሉ ነገ አውሮፕላን አይነሳም፤ እስከዚያ ነገሩ ይረሳል። ሰው የማያስቀይም ብልህ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ባትሪውን ቀይሬ ሄድኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

እናቴ ምክሬን ሰምታ ሦስት ዓርብ አመለጠቻት። አንዴ ወገቧን፣ አንዴ ኔትወርኩን፣ አንዴ የጎረቤት ለቅሶ አለች። በአራተኛው ሳምንት ልጅቷ ፎቶ ላከች። ድንጋዩን አስቀርጻዋለች፤ የእናቷ ስም በዕብራይስጥና በአማርኛ ተጽፎበታል። እናቴ ፎቶውን አሳየችኝና «በቃ» አለች። የዚያኑ ዓርብ ነገረቻት። አላሳመረችውም፤ ለእኔ ከነገረችኝም አሳጥራ ነው የተናገረችው።

 ልጅቷ «እሺ» አለችና ዘጋችው። ሰንበት ሊገባ ገና ሃያ ደቂቃ ነበር።

አምስት ዓርብ አልደወለችም። መስጊዱ በኮሮና ሲዘጋም ሲከፈትም፣ እናቴ ከሶላት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። «እስቲ ቼክ አድርግልኝ፣ ዛሬ በስንት ሰዓት ነው የሚገባባቸው?» ትለኛለች። ቼክ አድርጌ እነግራታለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ «ገባባት» ብላ ትነሳለች። ምሳዋን የምትበላው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ዓርብ ዓርብ ሺፍቴን ከሰዓት አስቀይሬ እሷ ጋ መዋል ጀመርኩ፤ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። አንዳንዴ በልጅቷ እናደድ ነበር። ዝም በይ ብሎ የመከረውን ሰው ግን ማንም አልወቀሰውም።

ስለ አገሮቹ ለማወቅ ለሚፈልግ፣ ብዙም አልገፉበትም። ፊርማ ተፈራረሙ ተባለ፤ ኋላ ሱዳን እርስ በርሷ ተዋጋችና ነገሩ በዚያው ቀረ። ያንን መቃብር እስከ ዛሬ ያየው የለም። ድንጋዩም የልጅቷ በረንዳ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው።

በስድስተኛው ዓርብ ስልኩ ጮኸ። እናቴ ስልኩን ወደ እኔ ስትገፋው እኔ ነካሁላት። ልጅቷ ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ያልተለኮሱ ሁለት ሻማዎች ይታያሉ።

«ልጄ፣ አፉ በይኝ» አለች እናቴ።

«እሱን ተዪው። እማ፣ አንቺ ነሽ ያጠብሻት? በእጅሽ?»

«በእጄ ነው። ወላሂ ሌላ ሰው አልነካትም።»

«ጸጉሯ ምን ይመስል ነበር?»

እናቴን ጥያቄው ግራ አጋባት። ልጅቷ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረች። አባቷ ስለ እናቷ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ነው የሞተው። ፎቶ የላትም። እናቴ ወገኖችሽ ቀበሯት ስትላት፣ ከሩቅ የምታውቃት ጎረቤት ብቻ መሰለቻት፤ እናቷን በቅርብ ያያት ሰው ሁሉ አልቋል ብላ መጠየቁን ተወችው። «አስር ዓመት ሙሉ በየዓርቡ ሳወራሽ» አለች፣ «አንቺ እንዲህ በቅርብ ታውቂያት ኖሯል።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ጸጉሯ ትከሻዋ ድረስ ነበር አለች፤ ሹሩባዋን ፈትታ፣ አጥባ፣ ሦስት አድርጋ ጎንጉናዋለች። ጣቶቿ ረጃጅም ነበሩ። ግራ እጇ ላይ የእሳት ጠባሳ ነበራት፣ ሸክላ ስትተኩስ ያገኛት። የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ እንዲህ ወደ ውስጥ ታጠፍ ያለ ነበር።

ልጅቷ ሻሿን ገፋ አድርጋ ጆሮዋን ወደ ካሜራው አስጠጋች። እናቴ መነጽሯን ፈልጋ እስክታደርግ ድረስ እንደዚያው ቆየች። ከዚያ እናቴ አለቀሰች፣ ልጅቷም አለቀሰች። እኔ ሰዓቱን አየሁ፤ ሌላ የማየው ነገር ስላጣሁ ነው።

«ልጄ» አለች እናቴ፣ ስትረጋጋ፣ «ሰንበትሽ ሊገባ ነው። ሻማሽን አብሪ።»

«አውቃለሁ። ቁመቷስ?»

እናቴ ዞር ብላ እኔን ፈለገች። «ና ቁም እዚህ» አለችኝ። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ከፊቱ አቆመችኝና መዳፏን ቅንድቤ ላይ አሳረፈች። «እስከዚህ ነበረች» አለች።

ሰዓቱ አለፈ። ሻማዎቹ አልበሩም፣ ስልኩም አልተዘጋም። ልጅቷ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ከእግሬ እስከ እናቴ መዳፍ ድረስ አየችኝ። እኔ ወርጄ ወደ አውቶቡሴ፣ ወደ መስታወቴ መመለስ ፈለግሁ።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ቆይ» አለችኝ፣ «አትነቃነቅ።»

አልተነቃነቅኩም።