የሞተው ተራራ

ዛሬ ጠዋት ለሰፈራችን መንገድ መደልደያ የሚሆን ቀይ አሸዋ ቃሊቲ ባለው ቤታችን በር ላይ ገልብጠው ሄዱ። የአቧራው ሽታ ወደ ስምንት ዓመቴ መለሰኝ።

አባዬ አቃቂ ባለ የድንጋይ ካባ ውስጥ ይህንኑ ቀይ አሸዋ ይቆፍር ነበር። ቆፋሪዎቹ ድካም ለመቀነስ ተራራውን ከሥሩ ይቦረቡሩታል፤ ላዩ በራሱ ጊዜ ይናዳል። አንድ ቀን እማዬ ምሳውን አስይዛ ስትልከኝ፣ «ከሥር አትቆፍር ብላሃለች በይው» አለችኝ።

ነገርኩት። ሳቀና ቀዳዳ የሞላበት ቀይ ድንጋይ እጄ ላይ አኖረልኝ።

«ይሄ ተራራ ድሮ ውስጡ እንደ ሽሮ ሲንተከተክ ቆይቶ እሳት ተፋ። ቀዳዳው ትንፋሹ የወጣበት ነው።»

«አሁንስ ይተፋል?»

«ሞቷል እኮ የኔ ልጅ! ሙት ማንን ይነካል? ለእናትሽም እንዲሁ በያት።»

ታሪኩን ስለወደድኩት ለእማዬ አሳምሬ ተረክሁላት። እሷም ሳቀች። በማግስቱ ተራራው አባዬ ላይ ተናደ።

እማዬ በዚያ ታሪክ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ልጄ ከክምሩ አንድ ድንጋይ አንስታ፣ «እማዬ፣ ይሄ ለምንድነው እንዲህ የተበሳሳው?» አለችኝ። ተረት ሲጠይቁኝ እምቢ የማልለው እኔ፣ «እንጃ» ብዬ ድንጋዩን ከእጇ ነጠቅኳት።