ወደ ውስጥ የማይገባው ጉርሻ

ነፋስ ይሏት ነበር። ስሙን ያወጣላት የምግብ ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ነው፤ ትሪ ይዛ በጠረጴዛዎቹ መሀል ስታልፍ የእጅ መጥረጊያ ወረቀቱ ከየቦታው ብድግ ይላል እያለ ይቀልድባት ነበር። ምግብ ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ወጥ ቤቱ ከታች፣ ደህና ከፋዮቹ የሚመርጧቸው የመስኮት ዳር ጠረጴዛዎች ከላይ፣ በመሀላቸው ደግሞ ጠርዙ የተበላ ጠባብ ደረጃ። ላይኛው ቤት የነፋስ ነበር። ያንን ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ወጣትነቷ አልቋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደመወዟ ለስሙ ያህል ነው። ስትቀጠር ባለቤቱ፣ “ደመወዝሽ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማንሳት ያንቺ ፋንታ” ብለዋት ነበር፤ አልዋሿትም። የቤት ኪራዩ፣ የልጇ የትምህርት ክፍያ፣ የዘይቱና የሳሙናው መግዣ ሰዎች በልተው ሲነሱ ከሚተዉት ጉርሻ ነው የሚወጣው። ባሏ የትምህርት ቤት ጥበቃ ነው። የእሱ ደመወዝ ከወር ወር አይጨምር አይቀንስ፤ ወሩ ሲገባደድ ቤቱ የሚጠብቀው የእሷን እጅ ነበር።

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው አይታለች። ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ምግቡን ደጋግሞ አስመልሶ፣ መልሱን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለቅሞ የሚሄድ አለ። ከጋራዥ ቱታውን ሳያወልቅ መጥቶ፣ ሾርባ ብቻ ጠጥቶ፣ የሾርባውን ዋጋ እኩሌታ የሚተውም አለ። ሴት ጋብዞ የመጣ ወንድ ሴትየዋ እያየች በልግስና ይሰጣል፤ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ጠብቆ ከሰጠው ላይ መልሶ የሚያነሳም አጋጥሟታል። ከሂሳቡ ከአሥር አንድ እጅ የሚተው ሰው በእነሱ ዘንድ ጨዋ ይባላል። ምንም ሳይተው “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ የሚወጣም ሞልቷል። “እግዜርማ ይሰጠኛል፤ አንተስ?” ትላለች በሆዷ፣ ፊቷ እየሳቀ። ያ ሳቅ ራሱ ሥራ ነው። ቤቷ ስትገባ ጉንጮቿ እንደ እግሯ ይዝሉ ነበር።

ወጥ ቤቱ ጥግ ሳህን የሚያጥቡት ሴትዮ ሁሉም እትዬ የሚላቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እጃቸው በሳሙናና በሙቅ ውሃ ብዛት ተላልጧል፤ ንግግር አያበዙም። ታዲያ አንድ ጊዜ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ እጃቸውን አወጡና፣ ላይ ቤት ከሚዘንበው ትንሽ ወደ እኛም ቢንጠባጠብ ምን አለበት፣ ሲሉ ጠየቁ። ሼፉም አንገቱን እየነቀነቀ ደገፋቸው። ባለቤቱ ወደ አስተናጋጆቹ ዞሩ፤ አስተናጋጆቹ ደግሞ አንጋፋቸው ናትና ወደ ነፋስ።

ነፋስ አልተቆጣችም። “እትዬ፣ ደንበኛ ጉርሻ የሚሰጠው ለሚያየው ሰው ነው” አለች። “እኔን ያየኛል፤ እርስዎን አያይዎትም። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?”

ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ነገሩ በዚያው ሞተ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን እትዬ ነፋስን ሰላም የሚሏት በአገጫቸው ብቻ ሆነ። ነፋስም ያንን ልብ የምትልበት ጊዜ አልነበራትም።

ጉልበቷ የከዳት ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያ ጠዋት ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳታሸው አትነሳም ነበር። ቀጥሎ ባሏ ጨው የተጨመረበት ሙቅ ውሃ እያዘጋጀ እግሯን ይዘፈዝፍላት ጀመር። እሷም ከሱሪዋ ሥር በጨርቅ ጠፍራ እያሰረች፣ ለማንም ትንፍሽ ሳትል ትሠራ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የሾርባ ሳህኖች የተደረደሩበት ትሪ ይዛ ስትወጣ፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ጉልበቷ እንደ እርጥብ ወረቀት እጥፍ አለ። የብረት ድጋፉን ይዛ ራሷን አተረፈች፤ ትሪው ግን ሄደ። ሾርባው ደረጃውን ተከትሎ እየወረደ ከታች ይመጣ የነበረውን ሰውዬ ሱሪና ጫማ አራሰው። ሰውዬው ክፉኛ አልተቃጠለም። ባለቤቱ ይቅርታ ጠይቀው፣ ምሳውን በነፃ አብልተው፣ የልብሱን ማሳጠቢያ ችለው ሸኙት።

ሐኪሙ በመገጣጠሚያው መሀል ያለው ልስልስ አጥንት አልቋል አላት። ደረጃ ክልክል፣ ብዙ መቆም ክልክል።

ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አላባረሯትም። እስኪሻልሽ ውስጥ ተቀመጪ አሏትና ከእትዬ አጠገብ አንድ በርጩማ ተሰጣት። ሥራዋ የታጠበ ብርጭቆ ማድረቅ፣ ሹካና ቢላ በወረቀት መጠቅለል ሆነ። ደመወዟ አልተነካም፤ ማለትም ያው ለስሙ ያህል የነበረው ደመወዝ።

ውስጥ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የገባት ወሩ ሲያልቅ ነው። ባሏ ለጤና ጥሩ ነው እያለ ወደ ሥራው በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ እሷም ያመነች መሰለች። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ምሳ ትምህርት ቤት በላሁ እያለች ትመጣና እራት ላይ ዳቦውን ሳታኝክ ትውጠዋለች። ነፋስ ይህን ሁሉ ታያለች። ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ውላ፣ ስትሮጥ ከምትውልበት ጊዜ የባሰ ይደክማት ነበር። ድካሙ ከእግሯ ወጥቶ ሌላ ቦታ የገባ ይመስላት ነበር።

በርጩማዋ ላይ ሆና ደግሞ ቆማ ያላየችውን አየች። እትዬ እያንዳንዱን ብርጭቆ ወደ መብራቱ አንስተው ያዩታል፤ የከንፈር ቀለም ርዝራዥ ካገኙ ይመልሱታል። ሼፉ የሳህኑን ጠርዝ ሳይወለውል አያሳልፍም። ያ የከንፈር ቀለም ላይ ቤት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ጉርሻው ቀርቶ ስድቡን የምትቀበለው እሷ እንደነበረች ያሰበችው ያኔ ነው።

አንድ ቀን የምሳው ግርግር ካለፈ በኋላ እትዬ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ “አሁንስ አንቺን ማን ያይሻል?” አሏት። ለማቁሰል አልነበረም፤ ዝናቡ አባራ ወይ ብለው እንደሚጠይቁ ያህል ነው የጠየቋት።

“ማንም” አለች ነፋስ።

“እህ” አሉና የሚቀጥለውን ብርጭቆ አቀበሏት። ከዚያ በኋላ ምሳቸውን አንድ ላይ መብላት ጀመሩ፤ የጉልበት ቅባት እንኳ የትኛው እንደሚሻል የነገሯት እትዬ ናቸው።

ላይኛው ቤት የተሰጠው ራሷ ሥራ ላስተማረችው አስተናጋጅ ነው። ሳቂታው ነው የሚሉት። ሳቂታው ውለታ የማይረሳ ልጅ ስለሆነ ከሥራ ሲወጣ በወጥ ቤቱ በኩል ብቅ እያለ ሽርጧ ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ሸጉጦላት ይሄድ ነበር። መጀመሪያ ተው አለችው፤ ቀጥሎ ምርቃት አወረደችለት፤ ከዚያ ለመደችው። ልማድ መጥፎ ነው። ደንበኛ በጠፋበት ሰሞን ሳቂታው በሌላው በር መውጣት አበዛ። እሷ ደግሞ ኮቴውን ታዳምጥ ጀመር። በምሳ ሰዓት ዓይኗ ሳታዘው የልጁን ኪስ ሲከተል ራሷን ያዘችው። ከጉልበቷ ይልቅ ይሄ አመማት።

ጠራችውና ከእንግዲህ እንዳይሰጣት ነገረችው። ደነገጠና ምን አስቀየምኩሽ አላት።

“ምንም አላስቀየምከኝም” አለችው። “ግን አንተ የምትሰጠኝ ስታጣ ትደበቃለህ፤ እኔ ደግሞ አድብቼ እጠብቅሃለሁ። ሁለታችንም ሌባ መሰልን።”

በሚቀጥለው ስብሰባ ነፋስ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች። እትዬ ያኔ ያነሱትን ነገር እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ዛሬ የማነሳው ስለቸገረኝ ነው፤ ቸግሮኝ ባይሆን ኖሮ ላይ ቤት ሆኜ ዛሬም ያንኑ እላችሁ ነበር፤ ስለዚህ ጻድቅ የሆንኩ አይምሰላችሁ፣ አለቻቸው። ያኔ የተናገርኩት ግን ስህተት ነው፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለሙቅ ምግብና ለንጹሕ ብርጭቆ ነው፤ እኔ ተሸካሚ ነበርኩ፣ ብላ ተቀመጠች።

ረጅሟ የሚሏት አስተናጋጅ አላለፈችላትም። “አንቺ ስትበይ የግል ነበር፤ እኛ ተራችን ሲደርስ የጋራ ሆነ?” አለቻት።

“እውነትሽን ነው” አለች ነፋስ።

ማንም ማንንም ማየት ስላልፈለገ ሁሉም ጫማውን ያያል። በመጨረሻ የተናገረው ሳቂታው ነው። ገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ ሳጥን ይቀመጥ፤ ከሚገኘው ከአራት አንድ እጁ ወደ ውስጥ ይግባ፤ የእኔም ጉልበት የብረት አይደለም፣ አለ። የደገፉት በሙሉ ልባቸው አልነበረም፤ የተቃወሙትም እንደዚያው። ነገሩ አለቀ ተባለ። ባለቤቱ ከራሳቸው ኪስ ምንም ስለማይወጣ ፊታቸው ፈካ፤ እንዲህ ነው እንጂ ቤተሰብ ማለት፣ ብለው ሊነሱ ሲሉ እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው እያደረቁ አንድ ነገር ጠየቁ።

“ጋሼ፣ ልጆቹስ ከአፋቸው ቆርሰው ሰጡን። እርስዎስ?”

ባለቤቱ ውሃቸውን ተጎነጩ። “እናያለን” አሉ። እናያለን የሚባለው ቃል በዚያ ቤት ዕድሜው ረጅም ነው።

ሳጥኑ ተቀመጠ። ጠብ አልጠፋም። ረጅሟ ኖት ኖቱን ካልሲዋ ውስጥ እየከተተች ሳጥኑን ሳንቲም ታበላው ነበር፤ ሁሉም ያውቃል። እንክሰሳት ሲሉ ነፋስ ተዉአት አለች፤ በእሷ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ እንደነበር አሳምራ ታውቀዋለች። ሳቂታው ራሱ ወሩ ሲሳሳበት ትንሽ ኮምጨጭ አለባት፤ ቆይቶም ሌላ ሆቴል ገባ። ቢሆንም ሳጥኑ ወጥ ቤት ላሉት አንድ ነገር ይዞ ይመጣ ነበር፤ የነፋስ ባል ቢያንስ ዝናብ በጣለ ቀን በታክሲ መሄድ ቻለ።

ባለቤቱ “እናያለን” ያሉትን ያዩት ሼፉ ሌላ ቦታ ተፈልጎ ልልቀቅ ያለ ጊዜ ነው። ያኔ ደመወዝ ተጨመረ፤ ለሼፉ በዛ አድርገው፣ ለሌላው ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ። የምግቡም ዋጋ አብሮ ወጣ። ዋጋው ሲወጣ አንዳንዱ ደንበኛ ከጉርሻው ቀነሰ። በአንድ በኩል የገባው በሌላ በኩል እየወጣ፣ ነገሩ ሄዶ ሄዶ ያልጠገበም ያልተራበም ኑሮ ሆኖ ረጋ። የነፋስ ጉልበት አልዳነም፤ ላይኛው ቤትም ተመልሳ አልወጣችም። አዲስ የሚገቡት አስተናጋጆች ለምን ነፋስ እንደምትባል አያውቁም፤ ቀርፋፋ ስለሆነች ለቀልድ የተባለ ይመስላቸዋል። እሷም አታርማቸውም።

ልጇ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ አባትና እናቷን ምሳ ጋበዘቻቸው። ከአውቶቡስ መንገዱ ዳር ያለ፣ ያን ያህል ውድ ያልሆነ ምግብ ቤት ነው። ነፋስ መቀመጥ አልቻለችበትም፤ የበሉበትን ሳህን ትደራርባለች፣ ፍርፋሪውን በመዳፏ ትጠርጋለች። ባሏ፣ ተይ እንጂ ዛሬ እንግዳ ነሽ፣ እያለ እጇን ይይዛል። የምታስተናግዳቸው ሴት አዳራሹን ብቻዋን ይዛለች። ውሃውን ረሳችው፤ ዓሣውም ለብ ብሎ ነው የደረሰው።

ሂሳቡ ሲመጣ ልጅቷ፣ ስንት ይተዋል አለች። አባቷ ቀደመና፣ የምግቡን ከፈልን አይደል እንዴ፣ ጉርሻ ከጎረስን በኋላ ደግሞ ምን ጉርሻ፣ ብሎ ቀለደ። ልጅቷም፣ እውነቱን ነው፣ ዓሣው ቀዝቅዞ ነው የመጣው አለች።

ነፋስ ሴትየዋን ስታያት ቆየች። ሴትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ አንዱን እግሯን ከጫማው አውጥታ ታሳርፈዋለች።

“ያቀዘቀዘው እሷ ትሁን ወጥ ቤቱ በምን ታውቂያለሽ?” አለች ለልጇ። “ከአሥር አንድ እጅ ተዪላት። ካለሽ ጨምሪ፤ ከሌለሽ የምትችዪውን ተዪና ዓይን ዓይኗን አይተሽ አመስግኚያት። ሳህን ሥር አትክተቺው፤ እጇ ላይ ስጫት።”

“ለምን ግን እማ? ደመወዟ የቀጣሪዋ ጉዳይ አይደለም?”

“ነው እንጂ። እሱ በወጉ ቢከፍላት ጥሩ ነበር፤ አንቺም አትቸገሪ፣ እሷም አትሳቀቅ። ግን ዛሬ ቤቷ ስትገባ ‘ጥሩ ነበር’ አይበላም።”

ልጅቷ ተነስታ ሰጠቻት። ሴትየዋ ጫማዋን እያጠለቀች ተቀበለቻት፤ የተሰጣትንም ሳታይ ኪሷ ከተተችው።

ከዚያ ወጡ። የታክሲው ሰልፍ ረጅም ስለነበር ልጅቷ ለሁለቱም ተሰልፋ ቆመች፤ ነፋስና ባሏ የአንድ ሱቅ መወጣጫ ላይ ተቀመጡ። ባሏ ጉልበቷን በጃኬቱ ሸፈነላትና ስለ ዓሣው አጥንት ያወራላት ጀመር። ተራቸው ደርሶ ልጅቷ ስትጠራቸው፣ ነፋስ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ባሏም ለልጁ በእጁ ምልክት ሰጣት፤ ይቺኛዋ ትለፍ፣ በሚቀጥለው እንሄዳለን።