እትዬ አልጠረገም ያሉት መጥረጊያ

የድሮ መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን እሱ ዘንድ መሄዱ አይቀርም። ሞተር የሚያወርድ፣ ፍሬን የሚሠራ፣ ቀለም የሚቀባ መካኒክ በየመንገዱ ሞልቷል፤ የአርባ ዓመት መኪና የዝናብ መጥረጊያ ላይ ግን ነፍስ የሚዘራበት እሱ ብቻ ነው። የሰፈሩ መካኒኮች በፍቅርም በሹፈትም “የመጥረጊያው ጌታ” ይሉታል። ስሙን የማይወደው ይመስላል፤ ይሁንና አንድ ቀን አንዱ ረስቶ በእውነተኛ ስሙ ቢጠራው ዞር ብሎም አላየው።

ጋራዡ ሁለት መኪና ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚያድርበት ጠባብ ቤት ነው። ሥራው የሚጀምረው በጀርባ በመተኛት ነው፤ ጭንቅላቱ ዳሽቦርዱ ሥር፣ እግሩ የወንበሩ መደገፊያ ላይ። እዚያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሞተር፣ ከሷ ጋር የተያያዙ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች፣ በየመገጣጠሚያው ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የነሐስ ቀለበት አለች። ቀለበቷ ስትበላ ዘንጉ ይላላል፣ መጥረጊያውም መስታወቱ ላይ ይንገዳገዳል። ሌላው መካኒክ “ዕቃው የለም” ብሎ ይገላገላል። እሱ ግን እንደ ሰም የደረቀውን ግሪስ በናፍታ አጥቦ፣ ከአሮጌ የቧንቧ መክፈቻ ነሐስ ቆርጦ፣ ሞርዶ ሞርዶ አዲስ ቀለበት ይሠራል። ለአንዷ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። “ምን ያስቸኩላል?” ይላል፤ “መኪናዋ እንደሆነ አርባ ዓመት ጠብቃለች።”

ደንበኛ የሚያንጨረጭር አንድ አመል ግን አለው። የሠራውን መጥረጊያ በእውነተኛ ዝናብ ነድቶ ሳያይ መኪና አያስረክብም። “በባልዲ ውሃ ሞክረውና ስጠኝ” ቢሉት፣ “የባልዲ ውሃ ይፈስሳል እንጂ አይመታም” ብሎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። በበጋ ገብታ በክረምት የወጣች መኪና አለች። ባለቤቷ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነበርና፣ “እኔ እንኳ ይህን ያህል ቀጠሮ ሰጥቼ አላውቅም” ብሎ ሄደ።

በዚህ ዓለም ላይ ቃሉን የሚፈራው አንድ ሰው ቢኖር ታላቅ እህቱ ናቸው። እናታቸው ሲሞቱ እሱ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፣ እትዬ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ። አዋላጅ ነርስ ሆነው እየሠሩ፣ አጥበው አብልተው አሳደጉት። ትምህርት እንቢ ሲለው እጁን ይዘው ጋራዥ ያስገቡትም እሳቸው ናቸው፤ “አፉን አትዩ፣ እጁ ጎበዝ ነው” ብለው። ዛሬ እሱ ስልሳ አራት፣ እሳቸው ሰባ ስምንት ሆነው እንኳ “ማሙሽ” ነው የሚሉት። ለማዋለድ ሲሯሯጡ የኖሩባት ግራጫ መኪናቸው አሁንም አለች፤ እሷን አስነስተው ገበያ ይሄዳሉ፣ ያዋለዷቸውን ልጆች ይጠይቃሉ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው።

“ማሙሽ፣ ይኼ መጥረጊያ አይጠርግም። ጭጋግ ጥሎ ነው የሚሄደው” አሉት።

ላስቲኩን ቀየረ፤ ዝናብ ጠብቆ ነዳት፤ መስታወቱ ፏ አለ፤ አስረከበ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። የክንዱን ስፕሪንግ አጠበቀ፤ ነዳት፤ አሁንም ፏ። መልሰው መጡ። ሁሉንም አወረደና እያንዳንዷን ቀለበት እንደ አዲስ ሠራ። እትዬም ዞረው መጡ፤ “አልጠረገም።”

ሚስቱ “ታዲያ ደህና ነው አትላቸውም?” ብትለው አፍጥጦ አያት።

“እትዬ አልጠረገም ካሉ አልጠረገም።”

ዕድሜውን ሙሉ እሳቸው ሲሳሳቱ አላየም፤ ስለዚህ የተሳሳተው እሱ መሆን አለበት። በዚያ ላይ ቀኝ እጁ ጠዋት ጠዋት መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ብሎን ይጥላል። በገዛ ዓይኑ ያየውን ንጹሕ መስታወት እንኳ “ሥራዬን ስለምወድ ነው የጠራ የመሰለኝ” እያለ ተጠራጠረው። እንግዲህ ይህን ምን ይሉታል? ዓመት ሊሞላ ሲል መኪናዋ ለአራተኛ ጊዜ ስትገባ ለሚስቱ ቁርጡን ነገራት።

“አሁንም ካልሆነ ጋራዡን እዘጋለሁ። ያሳደጉትን የእህቱን መኪና መሥራት ያቃተው፣ የሰው መኪና ምን አስነካው?”

ሚስቱ አርባ ዓመት አብራው ስትኖር ሥራ ፈትቶ አይታው አታውቅም፤ ቤት ቢውል ምን እንደሚሆን አሰበችና ፈራች።

ሥራውን ጨርሶ ሁለት ሳምንት ዝናብ ጠበቀ፤ ሰማዩ ጨከነበት። አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ የመኪናቸውን ነገር ሊጠይቁ በእግራቸው መጥተው ገና በርጩማው ላይ አረፍ እንዳሉ፣ ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጣጣው ጀመር። ሌላ ጊዜ ለሙከራ ብቻውን ነበር የሚነዳው፤ አጠገቡ ማንም እንዲያወራበት አይፈልግም። አሁን ግን “ይነሱ እትዬ፣ አብረን እንሂድ” አላቸው። ፍርዱን እዚያው ለመስማት ቆርጧል።

ዋናውን መንገድ ያዙ። ዝናቡ ጉድ ነው። መጥረጊያውን ሲያስነሳው ሁለቱ ክንዶች ያለ ኮሽታ ሄደው ተመለሱ፣ ሄደው ተመለሱ፤ ከኋላቸው ጠብታ አይተዉም። ከፊታቸው አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ቆሞ ስለነበር እነሱም ቆሙ፤ ታርጋው ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ወደ እትዬ ዞረ። እሳቸው አንገታቸውን አስግገው፣ ዓይናቸውን አጨንቁረው ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ይኸውልህ ማሙሽ። አልጠረገም።”

አለቀልኝ አለ በልቡ። “የቱ ጋ ነው የቀረው እትዬ?”

“ሁሉም ጋ ነዋ። ነጭ ነው። አንተስ እንዴት እየነዳህ እንደሆነ እንጃ።”

“ከፊታችን ምን ይታይዎታል?”

“ምን ይታየኛል? ባዶ መንገድ ነው።”

የጭነት መኪናው ቤት ያህላል፤ ቀይ መብራቱም እንደበራ ነው። ያን ጊዜ ገባው። በዚህ ዓይን አንድ ዓመት ሙሉ ገበያ ሲመላለሱ እንደኖሩ ሲያስብ ብርድ ብርድ አለው። መጥረጊያ መጥረጊያ ሲል አንድም ቀን የሰውን ዓይን አላሰበም።

ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። “እትዬ፣ መስታወቱ ንጹሕ ነው። ከፊታችን የጭነት መኪና ቆሟል። እኔ ታርጋውን እያነበብኩት ነው።”

እትዬ እጃቸውን ዘርግተው መስታወቱን ከውስጥ በኩል አበስ አደረጉት፤ መዳፋቸውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ደረቅ ነው። ዕድሜያቸውን በሕክምና ቤት የጨረሱ ሴት ናቸውና ነገር ሁለት ጊዜ አይነገራቸውም። መኪናዬን ልትቀማኝ ነው ብለው ይቆጡ ይሆናል፣ ያለቅሱም ይሆናል ብሎ ጠበቀ።

“እንግዲያው ጠርጓል” አሉ።

“ጠርጓል።”

“ከመጀመሪያውም?”

“ከመጀመሪያውም እትዬ።”

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ትከሻቸው ወረደ።

“ተመስገን። እኔ እኮ እጅህ የደከመ መስሎኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ስጨነቅ የከረምኩት በሱ ነው። ሌላ መካኒክ ጋ ብወስዳት ይሰማዋል፣ ብተወው ደግሞ ተስፋ ቆረጡብኝ ይላል እያልኩ አመላለስኩህ።”

ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እትዬ በዳበሳ ቀኝ እጁን ፈልገው አገኙና በሁለት እጃቸው ያዙት።

“በል ተው። ዓይን ሐኪም አለው፤ ነገ ትወስደኛለህ። ከዛሬ ጀምሮ የምትነዳት አንተ ነህ። ያለውን እየነገርከኝ ሂድ፣ መንገዱ ይናፍቀኛል።”

ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ቀና አለ።

“ጭነት መኪናው ሄዷል እትዬ። አሁን አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ልትሻገር ዳር ላይ ቆማለች።”

“አሳልፋት” አሉ።