እህቴ የፈተነችው ማዘርቦርድ

ታላቅ እህቴ ማዘርቦርድ ትፈትናለች። ይህን ስናገር «ደግሞ ይሄ ምን ሥራ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ማዘርቦርድ የኮምፒዩተሩ ክፍሎች በሙሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ ነው። እሷ የኮምፒዩተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ትነዳዋለች፤ ኦቨርክሎክ ይሉታል። ከዚያ ሰሌዳው ጭነቱን ይችል እንደሆነ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ውጤቱን ስትናገር ሰሌዳዎቹን የሚሸጠው ሱቅ ባለቤት በቪዲዮ ይቀርጻታል፤ ሰው እሷን አምኖ ይገዛል። ቢያምን አይፈረድበትም። ቤታችን አዲስ ማንቆርቆሪያ እንኳ ቢገባ፣ ደጋግማ ውሃ ሳታፈላበት ማንንም አታስነካም።

እኔ የምኖረው የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበርኩ ነው። አንድ ቀን በሱቁ ቪዲዮ ላይ «ይሄ ሰሌዳ በጣም ፈጣን ነው፤ ኦቨርክሎክ ይችላል» ስትል ሰማኋት። ላስደንቃት ብዬ ሳልነግራት ሄጄ ገዛሁ። ባለቤቱም አያውቀኝም።

ፍጥነቱን ልክ እሷ እንዳሳየችው ጨመርኩት። መጀመሪያ በረረ። ቆየት ብሎ ግን ተንቀራፈፈ፤ ሳልነካው ከነበረውም ባሰ። በመጨረሻ የሰው ሠርግ በእጄ እያለ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ያቀናበርኩትም አብሮ ሄደ። ደሜ ፈላ።

«አንቺ ነሽ ይችላል ያልሽው! አንቺን አምኜ ነው የገዛሁት!» ብዬ ጮህኩባት።

የኮምፒዩተሩን ጎን ከፈተችና ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለውን ብረት ነካ አድርጋ ጣቷን ቶሎ መለሰች።

«ኃይል የሚያቀብሉት ክፍሎች ናቸው የጋሉት። ሲግሉ ፍጥነቱን ይቀንሱታል፤ ሲብስባቸው ያጠፉታል። እኔ እኮ ይሄን ተናግሬያለሁ!»

ቪዲዮውን ከፍተን አብረን አየነው። መቁረጥ የእኔም ሥራ ነውና ወዲያው ገባኝ። «ይችላል» ካለች በኋላ አፏ ለሚቀጥለው ቃል እንደተከፈተ ነው ያቋረጧት።

«‹የፈተንኩት በማቀዝቀዣ በቀዘቀዘ ክፍል ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ እንዳትሞክሩት› ነበር ያልኩት» አለች። ፊቷ ተለዋወጠ። ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ ሰሌዳውን ይዘን ሱቁ ሄድን። ጠረጴዛው ጋ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ የዚያኑ ሰሌዳ ካርቶን ለመግዛት ያቀፉም ነበሩ።

«ንግግሬን ለምን ቆረጡት?» አለችው ባለቤቱን።

«አንቺ ደግሞ! ሙሉውን ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ሰው የሚፈልገው ፈጣን መሆኑን ነው» አላት እየሳቀ። አፍንጫውን ብለው ደስ ባለኝ!

«ይሄ ወንድሜ ነው። የእኔን ቃል አምኖ ከእርስዎ ገዝቶ ሥራው ጠፋበት።»

ሰውየው ሳቁን ተወ። ደንግጦ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ውይ! ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ! ወንድምሽ መሆኑን ባውቅ ይሄንን እሸጥለት ነበር?» አለና ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ካርቶን አወጣልኝ። «እንካ፣ ይሄ አይግልም። ለቤተሰብ የምናስቀምጠው ነው።»

ከልቡ ነበር። ይበልጥ ያናደደኝም ከልቡ መሆኑ ነው። እጄን አልዘረጋሁም።

እህቴ ወደ ሰልፉ ዞረች። ድምጿ ሱቁን ሞላው።

«እነዚህስ? እነዚህ የማን ወንድሞች ናቸው?»

ከኋላችን የነበረው ሰውዬ ያቀፈውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ።