አጋዘን የሚሸሸው ፀጉር አስተካካይ

በከተማው የሚወራ የአደን ወሬ ሁሉ የሚያልፈው በፀጉር አስተካካዩ መቀስ ስር ነው። አዳኙ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ፎጣው አንገቱ ላይ ይጠመጠማል፣ ከዚያ አጋዘኑ መሮጥ ይጀምራል። ዳቦ ጋጋሪው አምና የጣለው አጋዘን ወሬው ሲጀመር ጥጃ ያክል ነበር፤ ፂሙ ተላጭቶ ሲያልቅ ግን ቀንዱ በበር አልገባ ብሎ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ "አይ እናንተ!" እያለ ያዳምጣል። የራሴ የሚለው ወሬ ግን የለውም። ዕድሜ ልኩን የሰው አጋዘን ሲከረክም መኖሩ ይቆጨዋል።

የአዳኞቹ አለቃ አማቱ፣ ጡረታ የወጡት ባቡር ነጂ ናቸው። ሁለት ጊዜ ይዘውት ወጥተው ሁለቱንም ጊዜ ወፍ እንኳ ዝር ሳይል ዋለ። ዘንድሮ ቁርጡን ነገሩት።

"ስማ ልጄ፣ የመጨረሻ ዕድልህ ናት። አጋዘን ቁጭ ያለ ሰው በዓይኑ አይለይም፤ አፍንጫው ግን ጉድ ነው። ሽቶ ባለው ሳሙና እንዳትታጠብ። ልብስህን ምንም የማይሸት ቦታ ስቀለውና በላስቲክ አስረህ አምጣ፤ ጫካ ስትደርስ ነው የምትለብሰው። እንዳትነቃነቅ። አፍህንም ዝጋ!"

"አፌንስ ለምጄዋለሁ፣ አባባ።"

"ዘንድሮም አጋዘኑ ከሸሸህ ግን ከርሞ ቤትህ ተቀመጥ። ሻይ የሚያፈላልን ሰው አላጣንም።"

ሰውዬው ምክሩን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ተከተለ። ቆዳው ሊሳሳ እስኪደርስ ታጠበ። ሽንኩርት የሚባል ነገር እርም አለ። ሚስቱ ልታቅፈው ስትጠጋ "ቀስ፣ ቅባትሽ!" ብሎ እንደ ፌንጣ ዘለለ።

"ምነው፣ አጋዘን ልታገባ ነው እንዴ?" አለችው።

"ወሬውን ነው የማገባው፣ የኔ እመቤት።"

በአደኑ ማለዳ አማቱ ከአንድ ወፍራም ግንድ ስር ቦታውን አሳይተውት ዳቦ ጋጋሪውን አስከትለው ወደ ቁጥቋጦው ራቁ። እሱም ላስቲኩን ፈትቶ የአደን ልብሱን ለበሰና ቁጭ አለ። አልተነቃነቀም። ጉንዳን አንገቱ ላይ ወጥቶ የቤት መሥሪያ ቦታ ሲመርጥ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

አጋዘኑ መጣ። ቀንዱን እያወዛወዘ፣ እንደ ባለሥልጣን ቀስ ብሎ። ቆመ። አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ በኮቴው መሬቱን መታ፣ "ፉፍ!" አለና ግብር ሰብሳቢ እንዳየ ነጋዴ ፈረጠጠ።

አማቱ ከተደበቁበት ወጥተው መጡ። አጠገቡ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ያዙ።

"ምንድን ነው ይሄ? ልብስህን የት ነው የሰቀልከው?"

"ፀጉር ቤቴ። እዚያ እኮ ምንም አይሸትም፣ አባባ።"

እዚያ ቤት ከፎጣው እስከ ኮርኒሱ ሽቶ ያልጠጣ ነገር የለም፤ ከዚያ የወጣን ደንበኛ ንብ እስከ ቤቱ ትሸኘዋለች። ሰውዬው ግን ከጉርምስናው ጀምሮ ሲረጭ ስለኖረ አፍንጫው ከአማቱ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

ነገሩ ሲገባው ጥይቱን ከጠመንጃው አወጣና ተነሳ። "በቃ፣ መኪናው ጋ ልጠብቃችሁ" አለ።

"ቆይ እስቲ! ወዴት ነው የሮጠው?"

"ወደዚያ ጥሻ።"

አማቱ ከኪሳቸው ቁንጥር ዱቄት አውጥተው ወደ ላይ በተኑ፤ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያዩት እንዲህ ነው። ዱቄቱ በፀጉር አስተካካዩ ትከሻ ላይ አልፎ ወደ ጥሻው ተጓዘ። የሽማግሌው ፊት በራ።

"ዳቦ ጋጋሪውን ከጥሻው ማዶ፣ ጥይቱ ወደኛ በማይመጣበት ጎን አቆመዋለሁ። አንተ እዚሁ ሁን። ሳፏጭልህ ጃኬትህን አውልቀህ አራግፍ።"

"ጃኬቴን?"

"እንደ ፎጣህ! ደንበኛ ጨርሰህ እንደምታራግፈው!"

ፉጨቱ ሲሰማ አራገፈው። አራገፈው ስንል በአንድ ሙያ ያረጀ ክንድ እንደሚያውቅበት ነው። ጥንቸሎች እያስነጠሱ ወጡ። አንዲት ቀበሮ ሠርግ ቤት የገባች መስሏት ዞር ዞር አለች። አጋዘኑም ከሽታው ሲሸሽ ወደፊት ማየቱን ረስቶ በዳቦ ጋጋሪው ፊት ብቅ አለ። አንድ ተኩስ፣ ከዚያ "ወደቀ!" የሚል ጩኸት።

የአዳኞቹ ጎጆ ሲገቡ አማቱ ከምድጃው አጠገብ ያለውን የራሳቸውን ወንበር ሳቡለት። "ከርሞም እዚያው ስቀለው" አሉት። "ከተቻለህ አንድ ጠርሙስ ጨምርበት።"

ሰኞ ዕለት ፀጉር ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ ዳቦ ጋጋሪው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና "እናላችሁ፣ አድፍጬ ሳለሁ..." ብሎ ጀመረ።

ፀጉር አስተካካዩ ብሩሹን አነሳና ከአገጩ እስከ አፍንጫው በአረፋ ሞላው።

"አፍህን እንዳትከፍት፣ ምላጭ ነው" አለው በትሕትና። ከዚያ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረ። "እናላችሁ፣ ጃኬቴን አንዴ ሳራግፈው፣ ይህን የሚያክል፣ ጥጃ የሚያክል አጋዘን..."

ዳቦ ጋጋሪው በአረፋው ውስጥ እየሳቀ፣ አንድ ጉንጩ ብቻ ተላጭቶ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። የአጋዘኑ ቀንድ ኮርኒሱን ነክቶ ገና እያደገ ነበር።