የጋሽ ከማል ሊሾ

ባለፈው ክረምት ለአንድ ጉዳይ ጅማ መሃል ወደሚገኝ አዲስ ሕንፃ ሄጄ ነበር። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ ገና አልተገጠመም። ጠዋት «ከሰዓት ተመለሺ» ተብዬ ስለነበር ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። መንገድ ላይ ትንፋሽ አጠረኝና ግድግዳ ተደግፌ ስቆም፣ በር ካልተገጠመለት አንድ ክፍል ሽታ መጣ። እርጥብ ሲሚንቶ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ጉሮሮ የሚከረክር። ከሲሚንቶው ጋር የረጠበ የቡና ጆንያም ይሸታል። ሠራተኞቹ ያለሰለሱት ወለል ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ በጆንያ ሸፍነው ውሃ እያጠጡት ነበር። ጉዳዬን ትቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ከማል ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ።

ያኔ፣ ልጅ ሳለሁ፣ የምንኖረው እዚያው ጅማ አወቱ መንደራ ሠፈር ነበር። አባቴ የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከጌራ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ቡና እየጫነ ይመላለሳል። መንግሥት ተለውጦ የቡና ንግድ የተለቀቀበት ጊዜ ስለነበር ሥራው ደህና ነበር፤ እቤት ግን የምናየው ከስንት አንዴ ነው። ሲመጣም ቡትስ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ቤታችን የጭቃ ግድግዳና የአፈር ወለል ነበረው። እናቴ በየሳምንቱ እበት ትለቀልቀዋለች፤ በየሳምንቱ ቁንጫው ተመልሶ ይመጣል።

አያቴ እማማ አስካለ፣ የአባቴ እናት፣ ከእኛው ጋር ትኖር ነበር። ከሸዋ በልጅነቷ መጥታ፣ የዕድሜዋን ግማሽ ያህል በአንድ የቡና ነጋዴ ቤት በሠራተኝነት ነው የጨረሰችው። የዚያ ቤት ወለል ቀይ ሊሾ ነበር። እሷ በጨርቅ ሰም እየቀባች፣ እየወለወለች ታበራው ነበር። «የገቢ የወጪው ሰው ፊት ይታይበት ነበር» ትለናለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እኔ ግን አንድ ቀን ደረቴን ነፍቼ መሃሉን አልሄድኩበትም። ወይ ተንበርክኬ ነው፣ ወይ ጥግ ጥጉን ነው» ትላለች። አባቴ እጁ ላይ ትንሽ ነገር ሲተርፈው «እማዬ ምን ላድርግልሽ?» ብሎ ጠየቃት። አላሰበችም። «ሊሾ» አለችው።

ጋሽ ከማል የመጡት እንዲህ ነው። የሰኮሩ ሰው ናቸው፤ በሠፈሩ ሊሾ ማሠራት የፈለገ ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነበር። አጠር ብለው ደንደን ያሉ፣ ቅንድባቸው ከሲሚንቶ ብናኝ የተነሣ ሁልጊዜ ሽበት የመሰለ ሰው ነበሩ። ከመኪና ካላማዳሪ የቆረጡትን ጎማ ጉልበታቸው ላይ ያስሩና፣ ከክፍሉ መጨረሻ ወደ በሩ እያፈገፈጉ በብረት ማለስለሻቸው ሲሚንቶውን ያስተኙታል። ሲሠሩ ለራሳቸው በቀስታ መንዙማ ያንጎራጉራሉ። አያቴ በሩ ላይ በርጩማዋን አድርጋ ቀኑን ሙሉ ታያቸው ነበር።

«ከማል፣ ፊቴን የሚያሳይ ይሁን» ትላቸዋለች።

«ሃደ ኮ፣ ፀጉርዎን የሚያበጥሩበት አደርገዋለሁ» ይሏታል። «እናቴ» ማለታቸው ነው፤ እሷን ሲጠሩ በኦሮምኛ ነበር።

እንዳሉትም አደረጉት። ጆንያው ተነሥቶ፣ ወለሉ ደርቆ ሰም ሲቀባ፣ የመስኮቱ ብርሃን እንደ ውሃ ተኛበት። ጋሽ ከማል ራሳቸው ገርሟቸው አንገታቸውን ዘመም አድርገው አዩት። አያቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ባዶ እግሯን ከበሩ እስከ አልጋዋ በመሃሉ ሄደችበት። አልጋዋ ላይ ስትቀመጥ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ አያቴ ሊሾው ላይ ወደቀች። ከዝናብ ሮጥ ብላ ስትገባ ነው፣ በላስቲክ ጫማዋ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ ጆንያ ከትከሻ ሲወርድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሐኪም ቤት ዳሌዋ ተሰብሯል ተባለ። ለዕድሜዋ ቀዶ ጥገና ስለማይመከር፣ ተኝታ አጥንቱ እስኪገጥም መጠበቅ ብቻ ነው አሉን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት ሳስበው እስከ ዛሬ ይደክመኛል። እናቴ ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፤ አንሶላው በዝናቡ አይደርቅም፣ ቤቱ ውስጥ ገመድ ላይ ይንጠለጠላል። ትምህርት ስለተዘጋ እኔ እግሯን እይዝላታለሁ። እናቴ ቆማ ስታንቀላፋ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ ግንባሯን በሩ መቃን ላይ አስደግፋ።

ጋሽ ከማል ሰምተው መጡ። አባቴ የዚያን ዕለት ከጌራ ገብቶ ነበር፤ ግቢው በር ላይ አገኛቸው። ሌላ ጊዜ «እርስዎ» እንጂ ሌላ ብሏቸው አያውቅም።

«መስታወት አንጥፈህ እናቴን ሰበርክልኝ!» አላቸው።

ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። እኔ ኀፍረቱ ፊቴን ሲያቃጥለኝ ይታወቀኛል። ጋሽ ከማል ግን አልተከራከሩም። ዝናቡ ኮታቸው ላይ እየወረደ፣ «እውነትህን ነው» አሉ። «ማሎ፣ እባክህ፣ ልያቸውና ልሂድ።»

አባቴ ጀርባውን አዞረ። እናቴ ናት ያስገባቻቸው። አያቴ ድምፃቸውን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። በሩ አጠገብ ትንሽ ቆሙ፤ «አላህ ያሽርዎት» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለሱ መጡ። ከዚያም መምጣት አላቋረጡም። አንዳንዴ ከደዶ የመጣ ብርቱካን በኪሳቸው ይዘው፣ አንዳንዴም ባዶ እጃቸውን መጥተው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። «እንዴት ዋሉ ሃደ ኮ?» ይላሉ፤ አያቴ አትመልስም። እሳቸውም ድካም ስለሚጥላቸው ቁጭ ባሉበት ያንቀላፋሉ። እናቴ ሻይ ስትሰጣቸው ብርጭቆውን ተቀብለው፣ ሻዩ ቀዝቅዞ ሲነቁ አይቻለሁ። ቤታችን ውስጥ ያን ሰሞን ያልደከመው ሰው አልነበረም።

አንድ ከሰዓት ሊሄዱ ሲነሡ ጉልበታቸው ቀጭ አለ። አያቴ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ ተናገረች።

«ምንድን ነው የሚንቋቋው?»

«ጉልበቴ ነው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። ሲነጋ ለስግደት ስነሣ ጎረቤት ይሰማል።»

አያቴ ዞረች። ብርድ ልብሷን ገለጥ አድርጋ ጉልበቷን አሳየቻቸው። የጠቆረ፣ የደደረ፣ እንደ ተረከዝ የወፈረ ቆዳ ነበረበት። እኔ በየቀኑ ስትታጠብ አይቼዋለሁ፤ ከምን እንደመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም። ጋሽ ከማል ቀስ ብለው ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። የሳቸውም እንደዚያው ነበር።

«እኔ የሰው ወለል ሳበራ፣ አንተ የሰው ወለል ስታነጥፍ» አለች አያቴ። «አዬ ከማል! ተቀመጥ እስቲ፣ ሻይህን ጨርስ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማውራት ጀመሩ። እሷ ስለ ነጋዴው ቤት፣ እሳቸው በሰኮሩ ትተዋት ስለመጡት ልጃቸው ስለ ነጃት። እናቴ ያን ጊዜ ጓዳ ገብታ ትንሽ ጋደም ትላለች። ጋሽ ከማል ከብርቱካኑ ሁሉ የሚበልጥ ያመጡልን ነገር ያ ዕረፍት ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ፣ አጥንቷም ገጥሞ፣ በምርኩዝ መቆም ቻለች። ነገር ግን ከአልጋዋ ወርዳ ወለሉን መርገጥ እምቢ አለች። እግሯን ታወርዳለች፣ ብርሃኑን ስታይ መልሳ ትሰበስበዋለች። ምንጣፍ አነጠፍንላት፤ «ይሄም ይንሸራተታል» አለች። ደጁ ፀሐይ ነው፤ እሷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በበሩ ታየዋለች። «ልውጣ» ትላለች፤ «እንውጣ» ስንላት ብርድ ልብሷን ትከናነባለች።

ጋሽ ከማል ይህን ለጥቂት ቀናት አዩ። አንድ እሑድ ጠዋት መዶሻና የብረት መሮ ይዘው መጡ። ጎማቸውን ጉልበታቸው ላይ አስረው ከአልጋዋ ሥር ተንበረከኩና መሮውን ያንን መስታወት የመሰለ ሊሾ ላይ ደገኑት።

እናቴ ደነገጠች። «ጋሽ ከማል! ያን ያህል የለፉበትን?»

«እኔማ ለፍቼ ነበር» አሉ። «እሳቸው ግን መሄድ አልቻሉበትም።»

ከዚያ መታ መታ ያደርጉት ጀመር። ጥልቅ አይደለም፤ ለእግር እንዲሻክር ብቻ እየጫሩ፣ ሰው ለመራመድ የሚበቃውን ያህል ስፋት ይዘው፣ ከአልጋው ወደ በሩ ሄዱ። መንዙማ አላንጎራጎሩም። ቀይ ብናኝ ቤቱን ሞላው። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ግድግዳው ሥር ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ለሊሾው ይሁን ለሌላ አላውቅም። አያቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና ጀርባቸውን ትመለከታለች። ፀሐይዋ ስታጋድል በሩ ጋ ደረሱ። እኔና እናቴ ብናኙን ጠረግን።

ጋሽ ከማል ለመነሣት የበሩን መቃን ጨብጠው ብዙ ታገሉ። ሲነሡ ወደ አልጋው መጥተው ክንዳቸውን ሰጧት። አያቴ አንድ እግሯን አወረደች፤ በጣቶቿ ወለሉን ቧጠጥ ቧጠጥ አደረገችው። ሁለተኛውን አወረደች። ማን ማንን እንደያዘ በማይታወቅ አካሄድ፣ ሁለቱ የጉልበት ሕመምተኞች እየተደጋገፉ ደጅ ወጡ። ፀሐዩ ላይ ስትቀመጥ፣ «ተመስገን» አለች። «አልሐምዱሊላህ» አሉ እሳቸው፤ ከጎኗም መሬቱ ላይ ተዘረፈጡ።

አባቴ ከሊሙ ሲመለስ ወለሉን አየ። ቡትሱን አወለቀ። በካልሲው በተጫረው ላይ እስከ አልጋው ሄዶ ተመለሰ። በማግስቱ ጋሽ ከማል ሲመጡ በሩ ላይ ተቀብሎ በርጩማውን አቀረበላቸው፤ «ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። «ተወው፤ እናት ናቸው» አሉት።

አያቴ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖረች። በምርኩዟ በዚያችው መንገድ ትወጣለች፣ ትገባለች፤ ግራና ቀኙ የሚያበራውን አትረግጥም። ስትሞት ጋሽ ከማል ድንኳኑ ውስጥ ሦስቱንም ቀን ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ ጉልበታቸው ጨርሶ ከዳቸውና ልጃቸው ነጃት መጥታ ወደ ሰኮሩ ወሰደቻቸው። ማረፋቸውን የሰማነው ከተቀበሩ ከወራት በኋላ፣ ከአንድ ሾፌር ነው። ለቅሶ እንኳ አልደረስንም።

ያ ቤት ዛሬም የእናቴ ነው። ሊሾው ሰም ካየ ስንት ዘመኑ፤ ብርሃኑም ጠፍቷል። እናቴ አርጅታለች፤ እዚያ ሳድር ጠዋት በሩን ለመክፈት ስትነሣ እግሯ ሲፋቅ ከጓዳ ይሰማኛል፤ እየሄደች ያለችው በየት በኩል እንደሆነ በድምፁ አውቃለሁ። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ ከጉዞ ድካም የተነሣ እያንቀላፋሁ ወደ አልጋ ሳመራ፣ ድንገት ወደ እግሬ አየሁ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ በፈለግኩት በኩል መሄድ እችል ነበር። ሳላስበው ጋሽ ከማል በጫሩት ላይ እየሄድኩ ነበር።